ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር በቤት ስለ መገጣጠም
የክፍሎቹ ምርጫና ስምምነት፤ ለገዢም ለሻጭም የሚጠቅም ትምህርት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል ለንግድ ሰው በተለይ የተነገረ ይመስላል። ቡና የሚልክ ነጋዴ የቡናውን ደረጃ ሳያውቅ አይዋዋልም፤ ጨርቅ የሚያስመጣም ክሩን በእጁ ሳይዳስስ አያዝም። በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚህ የተለየ ነው። ሻጩ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ያነባል፤ ገዢውም ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይመርጣል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። በማግሥቱ ግን ዕቃው ተመልሶ ይመጣል፤ ከዕቃውም ጋር ቅሬታ ይመጣል።

ከነዚህ ዕቃዎች መካከል ወጣቶች በብርቱ የሚመኙት ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ተገጣጥሞ ያለቀውን አይገዙም፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጠው በቤታቸው ይገጣጥሙታል። ይህም ሊሆን የቻለው በሁለት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሯቸውን ካርዶች ለመቀበል የሚያስችል ክፍት አሠራር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ «ኤ.ቲ.ኤክስ.» የሚባለውን ደንብ አወጣ፤ በዚህም ደንብ የማዘርቦርዱ ስፋት፥ የብሎኖቹ ቀዳዳ ስፍራና የኤሌክትሪኩ መሰኪያ ተወሰነ። ስለዚህ በአንድ አገር የተሠራ ማዘርቦርድ በሌላ አገር በተሠራ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ ደንቡ ሁሉን ነገር አላስማማም። የሚስማማውን ከማይስማማው ለይቶ ማወቅ የገዢው፥ ይልቁንም የሻጩ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ አንድ ወጣት ሠራተኛ የሁለት ዓመት ቁጠባውን ይዞ፥ ከጓደኛው የገለበጠውንም ዝርዝር በኪሱ ከትቶ፥ መርካቶ ውስጥ ወዳለ አንድ የኮምፒዩተር ዕቃ መደብር መጣ እንበል። በዝርዝሩ ላይ ኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ የተባለ ፕሮሰሰር፥ ቢ650 የተባለ ማዘርቦርድ፥ 16 ጊጋባይት ዲ.ዲ.አር.4 ራምና ኤንቪዲያ አር.ቲ.ኤክስ. 4060 የተባለ የግራፊክስ ካርድ ተጽፏል። ፓወር ሰፕላዩን ግን እኅቱ ከአሜሪካን አገር ካመጣችለት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊያወልቅ አስቧል። ባለመደብሩ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ ጠየቀው።

«ልጄ፥ የምትጫወተው በምን ዓይነት ስክሪን ነው?»

«ጋሼ፥ ስክሪንስ አለኝ፤ የድሮ ነው። ዋናው መኪናው አይደለም እንዴ?»

ባለመደብሩ ዝርዝሩን እንዳለ ሊሸጥለት ይችል ነበር። ከተጻፉት ሁሉ ውዱ ፕሮሰሰሩ ነበረ፤ ዲ.ዲ.አር.4 ራምም በመደርደሪያው ላይ ዓመት ሙሉ ተኝቶበት ነበር። ነገር ግን ያ ዝርዝር እንዳለ ቢሸጥ ኮምፒዩተሩ ከቶ አይነሣም ነበር። ምክንያቱ ከዚህ በታች በየተራው ይገለጣል።

1ኛ፤ መነሻው ስክሪኑ ነው

ስክሪን የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የተለመደው ስክሪን በወርድ 1,920 በቁመት 1,080 ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ይሆናል። ሁለተኛው ደረጃ 2,560 በ1,440 ሲሆን 3,686,400 ነጥብ አለው። ፎር ኬ የሚባለው 3,840 በ2,160 ነው፤ ይኸውም 8,294,400 ነጥብ፥ ማለት የመጀመሪያው አራት እጥፍ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ነጥቦች በየሴኮንዱ ደጋግሞ ይሥላል። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ቢሆን ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ፥ 144 ኸርዝ ቢሆን 144 ጊዜ ይታደሳል።

እንግዲህ ስክሪኑን ሳያውቁ ሌሎቹን ክፍሎች መምረጥ የጭነቱን ክብደት ሳያውቁ የጭነት መኪና እንደ መከራየት ነው። የወጣቱ ስክሪን 1,920 በ1,080 ሆኖ 60 ኸርዝ ነበረ። ኮምፒዩተሩ በሴኮንድ 150 ምስል ቢያዘጋጅ እንኳ ስክሪኑ ከ60 በላይ ሊያሳይ አይችልም። ለፈጣኑ ፕሮሰሰር የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ዓይን ለማያየው ነገር ይወጣ ነበር።

2ኛ፤ የግራፊክስ ካርድ

ምስሉን የሚሥለው የግራፊክስ ካርዱ ስለ ሆነ፥ ለጨዋታ በተዘጋጀ ኮምፒዩተር ከፍተኛው የገንዘብ ድርሻ የእርሱ ነው። ልምድ ያላቸው ገጣጣሚዎች ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ይመድቡለታል። ከዝርዝሩ ላይ ያለው 4060 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2023 የወጣ ሲሆን፥ 8 ጊጋባይት የራሱ ማስታወሻ አለው፤ የሚወስደውም ኃይል 115 ዋት ነው። ለ1,920 በ1,080 ስክሪን የታሰበ ነው። 2,560 በ1,440 ስክሪን የሚፈልግ ገዢ ግን 12 ወይም 16 ጊጋባይት ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የማስታወሻው መጠን ብቻውን ፈራጅ አለመሆኑንም ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አር.ቲ.ኤክስ. 3060 በ12 ጊጋባይት ማስታወሻ ተሽጧል፤ ሆኖም በአብዛኛው ጨዋታ ባለ 8 ጊጋባይቱ 4060 ይቀድመዋል። ካርቶን ላይ የተጻፈ ትልቅ ቁጥር የዕቃውን ጠባይ በሙሉ አይናገርም።

3ኛ፤ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ካልመሰለ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። የኤ.ኤም.ዲ. አሮጌው መቀመጫ ኤ.ኤም.4 ሲባል 1,331 ቀዳዳ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤ.ኤም.5 ግን 1,718 መገናኛ አለው። በኢንቴል በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው መቀመጫ 1,700፥ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው ደግሞ 1,851 መገናኛ አለው። አንዱ ለሌላው አይገጥምም፤ በግድ የሚጫን ሰው መርፌዎቹን አጥፎ ዕቃውን ያበላሻል።

መቀመጫው ቢስማማ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን የሚያውቅበት ባዮስ የሚባል መመሪያ በውስጡ ተጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ተገዝቶ በመጋዘን የቆየ ቢ650 ማዘርቦርድ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡትን የራይዘን 9000 ፕሮሰሰሮች ባዮሱ ካልታደሰለት አይቀበልም። ስለዚህ ዕቃውን ያቆየ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ባዮሱን ቢያድስ ራሱን ከክርክር ያድናል። አንዳንዶቹ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር ሳይገባባቸው በፍላሽ ብቻ ሊታደሱ የሚችሉ ናቸው።

ለወጣቱ የሚበቃው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 7600 ነበር። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2023 የወጣ፥ 6 ኮር ያለው፥ በ65 ዋት ደረጃ የተመደበ ነው። ማቀዝቀዣው ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይገኛል። 7800ኤክስ3ዲ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚሸጥ፥ ወጣቱ ያላሰበው ሌላ ወጪ ይከተለው ነበር። ከዚህም በላይ 7600 በውስጡ ትንሽ የምስል ማሳያ ስላለው የግራፊክስ ካርዱ ገና ሳይገባ ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ለመፈተን ያስችላል።

4ኛ፤ ራም

በዝርዝሩ ላይ ያለው ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ዲ.ዲ.አር.4 እና ዲ.ዲ.አር.5 ራም ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የሁለቱም መገናኛ ቁጥር 288 ነው። ነገር ግን ከሥራቸው ያለው ጎድጓዳ ስፍራ በተለያየ ቦታ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። የኤ.ኤም.5 ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዲ.ዲ.አር.5 ብቻ ነው። 1,700 መገናኛ ካላቸው የኢንቴል ማዘርቦርዶች ግን ገሚሶቹ ዲ.ዲ.አር.4፥ ገሚሶቹም ዲ.ዲ.አር.5 ስለሚቀበሉ፥ ስማቸውን እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ያስፈልጋል።

ራም በጥንድ ቢገዛ ይመረጣል። አንድ 16 ጊጋባይት ከሚገባ ሁለት 8 ጊጋባይት ቢገቡ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ሥራው ይፈጥናል። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ጥንዱ የሚቀመጠው በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ ነው። ለጨዋታ 16 ጊጋባይት መነሻ ሲሆን፥ አቅም ያለው 32 ቢያደርገው ለወደፊቱ ይበጀዋል።

5ኛ፤ ማከማቻ

ጨዋታዎች ብዙ ስፍራ ስለሚይዙ አንድ ቴራባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. መልካም መነሻ ነው። ዛሬ የተለመደው 22 ሚሊሜትር ወርድና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ሰሌዳ ነው። ነገር ግን በዚሁ መልክ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ሳታ፥ ሁለተኛው ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. ይባላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል ሳይመረምሩ መሸጥ ገዢው ቤቱ ገብቶ ማከማቻው «አልታይ» እንዲለው ማድረግ ነው።

6ኛ፤ ፓወር ሰፕላይ

ብዙ ገዢዎች ገንዘባቸው ሊያልቅ ሲል የሚያስታውሱት ክፍል ይህ ነው፤ ሆኖም ሌሎቹን ሁሉ ሊያጠፋ የሚችለውም እርሱ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ በችኮላ የተመረጠ ፓወር ሰፕላይ በጨዋታ መካከል ይከዳል።

የሚያስፈልገውን ኃይል በቀላሉ መደመር ይቻላል። ካርዱ 115 ዋት፥ ፕሮሰሰሩ ሲበረታ 88 ዋት፥ የቀሩት ክፍሎች በግምት 60 ዋት ቢወስዱ ጠቅላላው 263 ዋት ይሆናል። ለዚህ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል፤ የካርዱ ሠሪ ኩባንያ ያመለከተውም ይህንኑ መጠን ነው። 1,000 ዋት መግዛት ትርፍ የለውም። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ከግድግዳ ከሚወሰደው ኤሌክትሪክ ቢያንስ 80 በመቶው ለኮምፒዩተሩ መድረሱን ያመለክታል፤ ዕቃው ከአደጋ የሚጠብቅ መሆኑን ግን አይመሰክርም። ስለዚህ ከምልክቱ ሌላ የሠሪውን ስምና የዋስትናውን ዘመን መጠየቅ ያሻል።

ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካን አገር የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ከአዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሳቸው ይቀበላሉ። በአሮጌዎቹ ላይ ግን በስተኋላ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ይገኛል። ባለመደብሩ ይህን ያውቅ ነበርና ጠየቀው።

«እኅትህ ካመጣችልህ ላይ በስተኋላው ቀይ ነገር አለ?»

«አዎ ጋሼ፥ 115 የሚል ተጽፎበታል።»

«እንግዲህ እንዳለ ብትሰካው ኖሮ፥ ልጄ፥ ድምፁን ጎረቤት ይሰማው ነበር።»

መቀያየሪያው ወደ 230 ቢዞር እንኳ ያ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ለዛሬ ማዘርቦርድና ካርድ የሚያስፈልጉት ባለ 8 እግር መሰኪያዎች ላይኖሩት ይችላል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ገመዳቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች ገመድ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ጋር መለዋወጥ የለበትም። ጫፉ ቢገጥምም የውስጥ ሽቦው አደራደር ልዩ ሊሆን ስለሚችል ማዘርቦርዱንና ማከማቻውን ያቃጥላል። ትርፍ ገመድ በአንድ ሣጥን ቀላቅሎ የሚያስቀምጥ መደብር ይህን ልማድ ቢተው ይጠቀማል።

ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ለሚኖር ገዢ ስታቢላይዘር ወይም ዩ.ፒ.ኤስ. መጨመር እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

7ኛ፤ ኬዝና ማቀዝቀዣ

ኬዝ የሚመረጠው በመብራቱ ድምቀት ሳይሆን በልኩና በነፋሱ መተላለፊያ ነው። ሙሉ ኤ.ቲ.ኤክስ. ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር፥ ማይክሮ ኤ.ቲ.ኤክስ. የሚባለው እስከ 244 በ244፥ ሚኒ አይ.ቲ.ኤክስ. 170 በ170 ሚሊሜትር ነው። ትንሹ በትልቁ ኬዝ ይገባል፤ ትልቁ ግን በትንሹ አይገባም። የካርዱን ርዝመትና የማቀዝቀዣውን ቁመት ኬዙ ከሚፈቅደው ልክ ጋር በሚሊሜትር ማነጻጸር ይገባል። ፊቱ በመስተዋት ተዘግቶ ነፋስ የማያስገባ ኬዝ ሲታይ ያምራል፤ ውስጡ ግን ይግላል፤ ፕሮሰሰርና ካርድም ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ሥራቸውን ያዘገያሉ። ከፊት ነፋስ የሚያስገባ፥ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን፥ አቧራ የሚይዝ ወንፊትም ያለው ኬዝ ይመረጣል።

የባለመደብሩ ሒሳብ

ባለመደብሩ ይህን ሁሉ ካስረዳው በኋላ ዝርዝሩን በእርሳስ አረመው። ፕሮሰሰሩን ወደ 7600 አወረደው፤ ራሙን ወደ ጥንድ ዲ.ዲ.አር.5 ለወጠው፤ ማዘርቦርዱንና ካርዱን እንዳሉ ተዋቸው፤ አዲስ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይም ጨመረ። ከፕሮሰሰሩና ለእርሱ ሊገዛ ይገባ ከነበረው ማቀዝቀዣ የተረፈው ገንዘብ ለባለ 144 ኸርዝ ስክሪን መግዣ ዋለ። ወጣቱ በመጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ለጓደኛው የሚነግረው ታላቅ ቁጥር ቀርቶበታልና። ባለመደብሩም «ጓደኛህ የሚያየው ካርቶኑን ነው፤ አንተ ግን ማታ ማታ የምታየው ስክሪኑን ነው» አለው። ዲ.ዲ.አር.4 ራሙም ከመደርደሪያው ላይ እንደ ተኛ ቀረ።

ስክሪኑን በሰካ ጊዜ ደግሞ ሁለት ነገር እንዳይረሳ አደራ አለው። የመጀመሪያው የስክሪኑን ገመድ ከግራፊክስ ካርዱ ላይ እንጂ ከማዘርቦርዱ ላይ እንዳይሰካ ነው፤ አለዚያ ካርዱ ሥራ ፈት ይሆናል። ሁለተኛው በኮምፒዩተሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ 144 ኸርዝን እንዲመርጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ60 ሆኖ ይነሣልና።

ለነጋዴው የሚቀረው ትምህርት

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ፈቀደ፥ ባለፈው ወር የመጣና በሚቀጥለው ወር የሚመጣ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዋጋ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የማይስማማ ዕቃ ማስመጣት ጉዳቱ እጥፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ወደ ላከው ኩባንያ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ በመደርደሪያም ሲቆይ በየዓመቱ አዲስ ዓይነት ስለሚወጣበት ዋጋው ይወርዳል።

ስለዚህ አስመጪው በዕቃ መዝገቡ ላይ ከስምና ከዋጋ ሌላ ሦስት ዓምድ ቢጨምር ይጠቀማል፤ የመቀመጫው ዓይነት፥ የራሙ ዓይነትና የባዮሱ ቀን። 10 ፕሮሰሰር ሲያዝ ለእነርሱ የሚስማማ ማዘርቦርድና ራም በተመጣጣኝ ቁጥር ይዘዝ፤ ያለ ጓደኛ የመጣ ክፍል ገንዘብ የታሰረበት ዕቃ ነው።

ያገለገለ የግራፊክስ ካርድ የሚነግድም ሰው ታሪኩን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2022 ኢተሪየም የተባለው ምናባዊ ገንዘብ አሠራሩን ስለ ለወጠ፥ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ እጅግ ብዙ ካርዶች ለሽያጭ ወጥተዋል። ከእነዚህ መካከል ደኅና የሆኑ አሉ፤ ፋናቸው የደከመና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባታቸው የደረቀም አሉ። ገዢው ባለበት አንድ ሰዓት ያህል በብርቱ ጨዋታ ፈትኖ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ሰላም ነው።

በመጨረሻም ቅደም ተከተሉን ማስታወስ ይበቃል። በመጀመሪያ ስክሪኑና ጨዋታው፤ ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዱ፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱና ከራሙ ጋር፤ ከዚያ ማከማቻው፤ ቀጥሎ ሁሉ ተደምሮ ፓወር ሰፕላዩ፤ በመጨረሻም ሁሉን የሚይዘው ኬዝ። የመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ለሚገጣጥም ሰው መደብሩ የሚሸጥለት ትልቁ ነገር የክፍሎቹ ስምምነት ነው። ስምምነቱን ያገኘ ገዢ ከዓመት በኋላ ራም ለመጨመር፥ ከሦስት ዓመት በኋላም ካርድ ለመለወጥ ወደዚያው መደብር ይመለሳል። ለአንድ ቀን ትርፍ ሲባል የማይስማማ ዕቃ የተሸጠለት ግን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም ይዞ ይሄዳል፤ እምነት ደግሞ እንደ ፕሮሰሰር በትእዛዝ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ አይደለም።